የቀኝ እግሬ አውራ ጣት

እሑድ ማታ

ወንድምዓለም፣ ዛሬ ኪሎህን አነሳሁት። አትቆጣ፤ ቀበቶህንም አስሬ ነው። አንተ በምታስርበት ቀዳዳ ሳስረው ወገቤ ላይ ላላብኝ። በሌላ ቀዳዳ ላጠብቀው ግን አልፈለግሁም፤ ያ ያንተ ቀዳዳ ነዋ። አሰልጣኙ ለስብሰባ ሄዶ አልነበረም። ለሻምፒዮናው የመጀመሪያ ሙከራህ ያሰብከውን ኪሎ በሙሉ ጫንኩበት። ቡልዶዘር፣ ያ በር የማይበቃው ጓደኛህ፣ «ጩጬ ተው፤ ይሄ ብረት አንተን ነው የሚያነሳህ» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ጎንበስ አልኩና ሳብኩት።

ተነሳ! ከጉልበቴ አለፈ፣ ከራሴ በላይ ባይደርስም ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ጂሙ በጩኸት ተናጋ። ሳወርደው ብቻ ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር «ቀጭ» አለ፤ ጣት ሲንቀጫቀጭ እንደሚሰማው። ብዙም አላመመኝ።

ቤት ስገባ እማዬ ከኋላዬ አየችኝና በስምህ ጠራችኝ። ዞር አልኩ። ያ የጭነት መኪና ከገጨህ፣ ከቀበርንህም ወዲህ፣ እዚህ ቤት ስምህን ጮክ ብሎ የጠራ ሰው አልነበረም። ነገ ለአሰልጣኙ እነግረዋለሁ፦ በሻምፒዮናው ቦታህ ባዶ አይቀርም። እኔ እቆምበታለሁ።

ማክሰኞ፣ ክፍል ከመግባቴ በፊት

ወገቤ ደርቋል። ምንም አይደለም። የቀኝ ጭኔ ከኋላ በኩል ይስበኛል። ቡልዶዘር «ጅማትህ አጥሯል፣ መድኃኒቱ መለጠጥ ነው» ብሎ እግሬን ትከሻው ላይ አድርጎ ገፋው። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከሕመሙ ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም።

አሰልጣኙ «እናትህ ትፍቀድ፣ ከዚያ እናያለን» አለኝ። እናያለን አለ! እንቢ አላለም።

ዓርብ

እዚህ ጂም ውስጥ ሐኪም ያልሆነ የለም። አንዱ ትኩስ ውሃ ይላል፣ አንዱ በረዶ፣ አንዱ «ቁልቁል ተንጠልጠልና ራሱ ይስተካከላል» ይላል። በመጨረሻ በድሮው ሥርዓት ተስማሙ፤ ወገቡ የያዘው ሰው ይረገጣል። የሚረግጠው ደግሞ ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ያ የኛ ላባ። ላባ ካልሲውን አውልቆ ጀርባዬ ላይ ወጣ።

«ከትከሻው ጀምር!»

«ቀስ በል እንጂ፣ ድልድይ መሰለህ?»

«ዝም በሉ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ይላል ላባ፣ እጆቹን ዘርግቶ ገመድ ላይ እንደሚሄድ ሰው።

እኔም እስቅ ነበር። ከዚያ ተረከዙን ወገቤ ላይ አሳረፈ። እንደ ኮረንቲ ያለ ነገር ከወገቤ ተነስቶ በጭኔና በባቴ አልፎ እስከ አውራ ጣቴ ወረደ። ጮህኩ። ላባ «ገባ! ገባ!» ብሎ አጨበጨበ፤ የወጣ አጥንት የገባ መስሎት። ሁሉም እንኳን ደስ አለህ አሉኝ። እኔም አመሰገንኳቸው።

ሰኞ

የቀኝ ነጠላ ጫማዬ እየወለቀ አስቸገረኝ። ጎማው ላልቷል መሰለኝ። አባዬ በሽቦ አጠበቀልኝ። እንደገና ወለቀ። መውለቁን ያወቅሁት እማዬ «የአንድ እግርህ ጫማ የት ሄደ?» ስትለኝ ነው። ርካሽ ጫማ እንዲህ ነው።

ረቡዕ

ክፍል ውስጥ አስነጠሰኝ። ዴስኩን ይዤ በጉልበቴ ወለሉ ላይ አረፍኩ። የሒሳብ መምህራችን «ለሒሳብ እንዲህ የሰገደ ተማሪ ዛሬ ገና አየሁ» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለመሳቅም ያማል።

ቅዳሜ

አባዬ ደረጃ ላይ ከኋላዬ ይወርድ ነበር። «ቁም» አለኝ። ቆምኩ። «ተመልሰህ ውጣና እንደገና ውረድ።» ወጥቼ ወረድኩ።

«የግራህ ይራመዳል፣ የቀኝህ ይወድቃል» አለ።

«ጫማው ነው» አልኩት።

«ጫማ አላደረግህም» አለኝ።

ማክሰኞ ማታ

ስማኝ፣ ዛሬ ሆስፒታል ነበርን። ሁሉንም ልንገርህ።

ዶክተሩ «በተረከዝህ ቁም» አለኝ። የግራ እግሬ ጣቶች ተነሱ፣ የቀኜ ተኝተው ቀሩ። ከዚያ የቀኝ አውራ ጣቴን በአንድ ጣቱ ተጭኖ «ወደ ላይ ግፋኝ» አለኝ። ያንተን ኪሎ ያነሳሁ ሰው የአንድ ዶክተር ጣት መግፋት አቃተኝ! እማዬ ታይ ነበር። ፊቷን ብታየው።

በኤምአርአይ የተነሳሁት ፎቶ ላይ አሳየን። በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ዲስክ እንደ ትራስ ነው፤ የኔ አንዱ ተቀድዶ ውስጡ ያለው ወደ ኋላ ወጥቷል፣ ወደ እግሬ የሚወርደውንም ነርቭ ተጭኖታል። ጭኔ ውስጥ የሚስበኝ ጅማት አልነበረም። እኔና ቡልዶዘር ስንለጥጥ የከረምነው የተያዘ ነርቭ ነው። «ክብደት የሚያነሱ ልጆች ሁሉ እንዲሁ ናቸው» አለ ዶክተሩ፤ «የሚያማቸውን ሁሉ ጡንቻ ያደርጉታል።»

አባዬ «ይቆረጣል እንዴ?» አለ። ዲስኩን ማለቱ ነው፤ ዶክተሩ ግን እግሬን ያለ መስሎት ደነገጠ።

ብዙው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል ብሎናል። ግን አውራ ጣቴ ከዚህ የባሰ ከደከመች፣ ወይም የበልጉ ዝናብ እስኪያበቃ ካልተመለሰች፣ ቀዶ ሕክምና ነው። ሽንቴን መቆጣጠር ካቃተኝ ወይም መቀመጫዬ ከደነዘዘ ደግሞ ቀን ሌት ሳልል እንድመጣ አስጠንቅቆኛል።

እማዬ ኮሪደሩ ላይ ለአክስታችን በስልክ ስትነግራት ሰማኋት። «አንዱን መንገድ በላብኝ፣ አንዱን ብረት ሊበላብኝ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በቤቴ ብረት የሚባል ነገር፣ ማንኪያም ቢሆን፣ አልይ!»

ማታ አሰልጣኙ ቤት መጣ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ «ቀበቶውን በየትኛው ቀዳዳ አሰርከው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «የላላ ቀበቶ ጌጥ ነው» አለ። «ወንድምህ በኔ እጅ ነው ያደገው፤ ቦታው ሻምፒዮናው ላይ ባዶ ይሆናል። ባዶ ስለሆነ ባዶ ይሁን። ያንተ ውድድር አውራ ጣትህ ናት።»

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞሮ «ማነው ጀርባህን የረገጠው?» አለ። አልነገርኩትም። ሊያውቅ ነው፤ ላባ ሳነክስ ካየኝ ወዲህ ጂም አልመጣም።

ሐሙስ

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋን ሲስተር እንላታለን። እኔን «ሻምፒዮን» ትለኛለች፤ ለማሾፍ ነው። «ሻምፒዮን፣ በሆድህ ተኛ። ሻምፒዮን፣ በክርንህ ቀና በል። ይኸው ነው ልምምዱ፤ ታዳሚ የለም፣ አታግሳ።» በእጅና በጉልበቴ ሆኜ አንድ እጅና ተቃራኒውን እግር መዘርጋትም አለ። የሕፃን ጨዋታ መስሎኝ ነበር፤ ላብ በላብ ሆንኩ።

መለጠጥ ክልክል። መጎንበስ ክልክል። ብዙ መቀመጥ ክልክል። መሄድ፣ መሄድ፣ መሄድ።

አባዬ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ አውቶቡሱን ለተተኪ ሹፌር ሰጠ። ጠዋት ጠዋት ካልሲዬን ያጠልቅልኛል። በዚህ ዕድሜዬ! ከዚያ አብረን እንሄዳለን። አንነጋገርም። የምንነጋገረው ስለ ጉድጓድ ብቻ ነው፦ «ተጠንቀቅ፣ ጉድጓድ።» «አየሁት።»

ሰኞ

ትምህርት ቤት ከኋላ ቆሜ ነው የምማረው። ደብተሬን መስኮቱ ደፍ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ። ስሜ «ዘበኛው» ሆኗል። ሲገቡ መታወቂያ ያሳዩኛል። አንዷን «ጊዜው አልፎበታል» ብዬ መለስኳት። መምህሩም ሳቁ።

ጣቴ ምንም ለውጥ የላትም። ሌት ተቀን አዛታለሁ። አትሰማም። ያንተን ያህል ግትር ናት።

ዓርብ

ካልሲ! ራሴ! ጀርባዬ ላይ ተኝቼ እግሬን ወደ ላይ አምጥቼ፣ ወገቤ ሳይታጠፍ። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «ገልብጠህ ነው ያጠለቅከው» አለኝ። ይሁን! ተገልብጦም ቢሆን የኔ ነው።

እሑድ ማታ

አበቃልኝ። ለማንም አልነገርኩም፤ ለአንተ ብቻ።

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ወገቤ በእሳት የተያዘ ያህል ሆኗል። ልክ አጥንቱ ላይ፣ መሃል ለመሃል። መጀመሪያ ሰሞን እንኳ እንዲህ አልነበረም። ከአልጋ ስነሳ ግድግዳውን ይዤ ነው። ምን አጠፋሁ? የታዘዝኩትን ሁሉ ሠርቻለሁ። ምናልባት ያ ካልሲ ነው። ምናልባት አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጥኩት። ምናልባት ዲስኩ ጨርሶ ወጥቶ አሁን አጥንት ለአጥንት ነው የቀረሁት።

አባዬን «ዛሬ ቤት ልዋል፣ ፈተና አለብኝ» አልኩት። ለብቻው ወጥቶ ሄደ። በመስኮት አየሁት፤ ጥጉ ጋ ሲደርስ ወደ ጎን ዞሮ «ተጠንቀቅ» ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

እማዬ ደግሞ ልብስ እያጠፈች «ይሻልሃል አይደል?» አለችኝ። «በጣም» አልኳት። እጇ ላይ ያንተ ሹራብ ነበር። አጥፋ ዘረጋችው፣ ዘርግታ አጠፈችው። ለእሷ ይህን እንዴት ነው የምነግራት?

ማክሰኞ

ደስታዬን ጻፍኩልህ፣ አንብበው!

ዛሬ ሲስተር ጋ ገብቼ እንደ ወንጀለኛ ሁሉንም ተናዘዝኩ። «ወገቤ ሞቷል፣ ወደ ኋላ ተመልሻለሁ» አልኳት።

«እግርህስ?»

«እግሬ ምን?»

«እግርህ ነዋ! ባትህ፣ ጭንህ። ያምሃል?»

አሰብኩ። ወንድምዓለም፣ እግሬን ረስቼዋለሁ! ባቴ ጸጥ፣ ጭኔ ጸጥ። በወገቤ ስደነግጥ የእግሬ ሕመም መቼ እንደሄደ አላየሁም።

ሲስተር ከወንበሯ ብድግ ብላ አጨበጨበች። «አንተ የማትረባ! ይሄንን ነው ደብቀህ የሰነበትከው?» አለችኝ። ሕመሙ የሚወጣው በገባበት መንገድ ነው አለች፤ ከጣት ወደ ባት፣ ከባት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ወገብ እየተሰበሰበ። ነርቩ ሲለቀቅ ወገብ ይጮኻል። «ይጩኽ» አለች። «እግርህ ዝም ካለ ወገብህ እንደፈለገ ይጩኽ።»

አባዬ ውጭ ሆኖ ጭብጨባና ጩኸት ሲሰማ አንድ ነገር የሆንኩ መስሎት በሩን በትከሻው ከፍቶ ገባ። «ምን ሆነ?» አለ። «ወገቡን ያመዋል!» አለች ሲስተር እየሳቀች። አባዬ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። እብድ ቤት የገባ ነው የመሰለው።

ማታ ለእማዬ «ወገቤን በጣም ያመኛል!» ብዬ በደስታ ስነግራት የያዘችውን ጣለች። ነገሩን እስክናስረዳት ድረስ ትንሽ ጊዜ ወሰደ።

ቅዳሜ

ዝናብ ነበር፣ ግን ሄድን። አባዬ ከመሬት ተነስቶ «እንዴት ነበር የሚያነሳው?» አለኝ።

«ማን?»

«ወንድምህ። እኔ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነበርኩ። አንድ ቀንም ሲያነሳ አላየሁትም።»

ጃንጥላውን ተቀበልኩትና ዘጋሁት። ዝናቡ በላያችን እየወረደ አሳየሁት፦ ወገቤን ቀጥ አድርጌ፣ ከዳሌዬ ታጥፌ፣ ከዚያ እንደ አንተ ዝግ ብዬ እስከ ጉልበት፣ ከጉልበት በኋላ እንደ መብረቅ። ከማንሳትህ በፊት ከንፈርህን እንደምትልስም ጭምር። አባዬ «እስቲ» ብሎ ጃንጥላውን ወሰደና ከራሱ በላይ ይዞ ቆመ፤ ጃኬቱ ተገልጦ፣ ሆዱ ወጥቶ። አንዲት ሴትዮ ባልኮኒ ላይ ሆና «አባት፣ እሱ እኮ ይከፈታል!» አለችው። እንዲህ ስቆ አይቼው አላውቅም። ዓይኑ ቀልቷል፤ ጉንፋን ሳይዘው አልቀረም።

አሁን በየቀኑ አንድ አንድ ውድድርህን እነግረዋለሁ። ያልተሳካልህንም ጭምር።

እሑድ፣ ከሻምፒዮናው ስመለስ

ያ ከጂም ጠፍቶ የነበረው ላባ ሦስተኛ! በሕይወቱ ይዞት የማያውቀውን ኪሎ ያዘ! ሜዳሊያውን አንገቴ ላይ አድርጎ «ይኸው፣ ጀርባህ ላይ የወጣሁበት ኪራይ» አለኝ። አሰልጣኙ ከኋላው ሆኖ ሰማ። «እንግዲያውስ አንተ ነሃ!» ብሎ ጆሮውን ያዘው፣ ሜዳሊያ እንኳ ሳያከብር።

ያንተ የክብደት ምድብ ሲጠራ ከክለባችን ማንም አልወጣም። የሚያመኝ መስሎኝ ነበር። ሌሎቹ ሲያነሱ አየሁ፤ ጥሩ ጥሩ ልጆች ናቸው። ለሁሉም አጨበጨብኩ።

አውቶቡስ ውስጥ ስገባ ነው ቀኑን ሙሉ ቆሜ እንደዋልኩ ትዝ ያለኝ።

ረቡዕ

ተነሳች!!!

ሻወር ቤት። ትንሽ ናት። ግን ተነሳች። አባዬን ጠራሁት፣ አየ። እማዬን ጠራት። ሦስታችን ጎንበስ ብለን (እኔ ከዳሌዬ) አንዲት ጣት ስናይ ቆየን። እማዬ «እስቲ ድገማት» ትላለች፣ እኔ እደግማለሁ፣ «እስቲ ድገማት።»

ሰኞ ማታ

ዝናቡ አቁሟል፣ ቀጠሮዬም ዛሬ ነበር። ዶክተሩ ኮሪደሩን በተረከዜ እንድሄድ አዘዘኝ። ሄድኩ። በሁለቱም እግሬ፣ ጣቶቼ ወደ ላይ፣ እንደ ዳክዬ። ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ያዩኛል። ጥግ ደርሼ ዞሬ ተመለስኩ፤ ማንም ተመለስ አላለኝም፣ ደስ ብሎኝ ነው። ከዚያ ጣቱን አውራ ጣቴ ላይ ጫነ። ገፋሁት። «በቃ፣ በቃ፣ ጣቴን እፈልጋታለሁ» አለ። ቀዶ ሕክምና የለም!

እማዬ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ «ብረትስ?» ብላ ጠየቀችው። ዶክተሩ ወገብ ተፈርቶ ሳይሆን ተጠንክሮ ነው የሚጠበቀው፣ ከቀላል ተነስቶ፣ በደንቡ፣ በአሰልጣኝ እጅ ከሆነ ይችላል አላት። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ ወደ በሩ ሄደች።

ቤት ስንገባ ከምትሠራበት የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ያመጣችውን የአንሶላ ቅርጫት መሃል ወለል ላይ አስቀመጠች። «አንሳው» አለችኝ። «ፊት ለፊቴ አንሳው፣ ልይህ።» እግሮቼን ከፈት፣ ዳሌዬን ወደ ኋላ፣ ቅርጫቱን ወደ ራሴ አስጠግቼ አነሳሁ። «አስቀምጥ።» አስቀመጥኩ። «ድገም።» ደገምኩ። ዞረች፣ ከጎን አየችኝ፣ ከኋላ አየችኝ፣ ልክ እንደ ዳኛ! በመጨረሻ «ዞር በል» ብላ ራሷ ሞከረችው።

«ከወገብሽ አይደለም እማዬ፣ ከዳሌሽ።»

«ዝም በል፣ አንተን የተሸከምኩት በዚሁ ወገብ ነው።»

አነሳችው። በደንቡ። አባዬ አጨበጨበ። እሷ ቅርጫቱን እንደያዘች «የወንድምህን ኪሎ ግን አትነካውም» አለችኝ። «የራስህን ፈልግ።» እሺ አልኳት። በስሜ ነው የጠራችኝ።

ሐሙስ

አባዬ ትናንት አውቶቡሱን ተረክቦ ወደ መስመሩ ተመለሰ። እማዬ የማለዳ ፈረቃ ገባች። ስነሳ ቤቱ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከታመምኩ ወዲህ፣ እንዲያውም አንተ ከሄድክ ወዲህ፣ እንዲህ ያለ ጠዋት አልነበረም። በጎኔ ዞሬ ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ፣ እንቁላል ጠብሼ ቆሜ በላሁ፣ ወጣሁ። ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ።

አሰልጣኙ ቁልፉን ሰጥቶኛል። ጂሙ ባዶ ነበር፣ የጎማና የዝገት ሽታ ብቻ። ጀማሪ ልጆች የሚለማመዱበትን ቀጭን ዘንግ አወጣሁ፤ ላባ የመጥረጊያ እንጨት ይለዋል። ምንም አልጫንኩበትም። ቆምኩ፣ ተነፈስኩ፣ ሆዴን አጠነከርኩ። ከዳሌዬ ወረድኩ። ዝግ ብዬ እስከ ጉልበት፣ ከዚያ ፈጠን። ከራሴ በላይ ያዝኩት። ወገቤ ጸጥ። እግሬ ጸጥ። አሥሩም ጣቶቼ ወለሉን ጨብጠዋል።

እኛ ክለብ ውስጥ ብረት ከራሱ በላይ የያዘ ሰው የሚያየው ሰው «አውርድ!» ሳይለው አያወርድም፣ ውድድር ላይ ዳኛው እንደሚያደርገው። ለእኔ ሁልጊዜ የምትለው አንተ ነበርክ። ሆን ብለህም ታቆየኝ ነበር።

ይዤ ቆምኩ። ጠበቅሁ። ክንዶቼ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፣ እኔ ግን እየጠበቅሁ ነበር። የሚናገር ሰው እንደሌለ ያኔ ነው የገባኝ። ብዙ አለቀስኩ፤ ግን ዘንጉን አልለቀቅሁትም። ፊቴ እየራሰ፣ ክንዴ እንደተዘረጋ ቆየሁ።

ከዚያ «አውርድ!» ብዬ ጮህኩ። ባዶው ክፍል ድምፄን መለሰልኝ፤ ወፍራም ነው፣ የትልቅ ሰው ድምፅ።

አወረድኩት። ፊቴን በክንዴ ጠረግሁና መስኮቶቹን ከፈትኩ። ከዚያ ዘንጉ ላይ ከሁሉ ትንንሾቹን ኪሎዎች ከግራና ከቀኝ ጫንኩበትና ደግሜ አነሳሁት።